የእኔ ስኳርና የጋሽ ታደሰ ጉልበት

ሐበሻ «ጭንቀት አለብኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛን የሚይዘን ስኳርና ደም ግፊት ብቻ ነው።

እኔን ሐኪሜ ለጭንቀትህ ይረዳሃል ብላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቶሮንቶ ወጥቶ ጫካ ለጫካ በእግሩ የሚጓዝ ቡድን ውስጥ አስመዘገበችኝ። ሐበሻ አይኖርም ብዬ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ስወርድ የዳንፎርዝ ሰፈር ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን ያስራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም።

«ምነው፣ በሰላም ነው?» አሉኝ ደንገጥ ብለው።

«ስኳሬ ከፍ ብሎ ነው። እርስዎስ?»

«ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ነው።»

ስኳር የለብኝም። ጉልበቱን ያመመው ሰውም ያንን የጫካ ዳገት እንደሳቸው አይወጣም። የቡድኑ መሪ «ስሜታችሁን ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሼር አድርጉ» ስትለን ስለ መኪና ዊንተር ጎማ ተወያየን።

በሳምንቱ ወደ እሁዱ ቡድን ተዛወርኩ፤ ጋሽ ታደሰ እሁድ ከቤተክርስቲያን አይቀሩም ብዬ። ስደርስ ጫማቸውን ያስራሉ። ለካ እሳቸውም ከእኔ ሸሽተው ኖሯል።

«ስኳሩ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ጉልበትዎስ?»

«ተመስገን።»

ስለ ባለቤታቸው ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። አሁን ዳንፎርዝ ላይ ስንገናኝ እኔ ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ። እሳቸውም ሲሰናበቱኝ እያነከሱ ይሄዳሉ።