«ደህና ነኝ» የሚል ቁስለኛ

ነቀምቴ ላይ ከሰው ጋር ተገናኝቶ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ»፣ እንዴት ናችሁ፣ ከተባባሉ ወዲያ፣ ቸኩያለሁ ማለት ነውር ነው። ቤቱ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቶቹ ሳይቀሩ ይጠየቃሉ፤ የሁሉም መልስ አንድ ነው። ደህና! ጎተራው ባዶ ቢሆንም ደህና፣ አማት ትናንት ተቀብራም ቢሆን ደህና። እውነተኛው ወሬ የሚመጣው ደህናው ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ ነርሶችን ድንገተኛ የቃጠሎ ሕክምና አሠለጥናለሁ፤ በዚህ ሥራ ደግሞ፣ መቼም እውነት አይደበቅም፣ አልታማም። የመጀመሪያው ትምህርቴ ሰላምታ ነው። ሠልጣኞቼ ይሥቃሉ፤ «ሲስተር፣ ሰው ተቃጥሎ መጥቶ ስለ ከብቱ ልንጠይቀው ነው?» ይሉኛል። አዎን! የተቃጠለውን ውሃ አፍስሱበት፣ ጣቱ ሳያብጥ ቀለበቱን አውልቁ፣ ቁስሉን ልትቀባ የጥርስ ሳሙና ይዛ የመጣችውን አክስት በትሕትና ከበር መልሱ፤ አፋችሁ ግን ሰላምታውን አያቋርጥ። ጭስ የዋጠ ጉሮሮ ውስጥ ለውስጥ ያብጣል፤ የሚያሳብቅበት ድምፁ ነው። በአንድ «ደህና» ደግሞ ድምፅ አይታወቅም።

ሥልጠናው ሳያልቅ አባትና ልጅ ተቃጥለው ድንገተኛ ክፍላችን መጡ። አባ ይማም ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከዚያም ተፈናቅለው እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ተከራይተዋል። ልጃቸው ሁሴን በሞተር ሰው ያመላልሳል። በር ዘግተው ቤንዚን ከጀሪካን ሲገለብጡ፣ ለካ ጥግ ላይ ያለው ምድጃ አልጠፋም ኖሯል።

ሁሴን ሁለት እጁ ተልጦ ይጮኻል። ሠልጣኞቼ ወደ እሱ ግር አሉ። ይፈረድባቸዋል? ለሚጮኽ የማይሮጥ ማን አለ? «ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰውዬ ግን ድንገተኛ ክፍል ሠርቶ አያውቅም። አባ ይማም ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። «እኔ ደህና ነኝ፣ ልጄን እዩልኝ» ይላሉ።

ጨዋታ ወዳዷ ጫልቱ ብቻ አጠገባቸው በርከክ አለች።

«አባ፣ አካም ጅርቱ?»

«ነጋ፣ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ቤቱስ?»

«ደህና።»

«ልጆቹስ?»

«ደህ…» ድምፃቸው ሻከረ። አፍንጫቸው ውስጥ ጥቀርሻ አየች።

«ከብቶቹስ?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም።

«ሲስተር! ጉሮሯቸው እየተዘጋ ነው!»

ሐኪሙ ሮጦ መጥቶ የመተንፈሻ ቱቦ አስገባላቸው። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ቱቦው የሚያልፍበት አይገኝም ነበር። እኔም በጫልቱ ኮራሁ።

አባ ይማም እኛው ዘንድ ሰነበቱ። ቱቦው ወጣ፣ ድምፃቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንድ ቀን ጫልቱ ፋሻ ልትቀይር ስትገባ እጇን ያዙና፣ «ከብቶቹም ደህና ናቸው፣ ልጄ» አሏት። ለካ ሳይመልሱት የቀረው ሰላምታ ሲከነክናቸው ከርሟል!

ሁሴን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሲስተር፣ አንድም ከብት የለንም እኮ። ከጊዳ አያና ስንወጣ እዚያው ቀርተዋል።»

አውቃለሁ። እኔ የሰማሁት ድምፃቸውን ነው፤ ጥርት ብሎ ነበር።