የአዳራሹ ተቀባዮች

የትናየት የባሮክ ኦፔራ አሪያዎቿን፣ በአንድ ሰው የሚዘፈኑ የጥንት አውሮፓ ዜማዎችን፣ እንድትቀዳበት የተሰጣት ቦታ፣ ባለቤቶቹ ከወጡ ወዲህ ታሽጎ የኖረ የጸሎት አዳራሽ ነበር። ባለቤቶቹ ወዴት እንደወጡ የጠየቀ የለም፤ በዚያ ዘመን «ወዴት» ብሎ መጠየቅ ከሰው አፍ ጠፍቶ ነበር። ማሸጊያው ተነሣ፣ ወለሉ ታጠበ፣ ፒያኖ ገባ። አግዳሚ ወንበሮቹን ግን ይርዳው አላስነካም፤ ባዶ ቤት ያስተጋባል፣ ወንበሮቹ ባሉበት ይሁኑ አለ። ስለዚህ የትናየት በዘፈነች ቁጥር ፊት ለፊቷ ለብዙ ሰው የሚበቃ መቀመጫ ተዘርግቶ ይጠብቃት ነበር።

ይርዳው ድምፅ ቀጂ ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ አንድ ልጁን ታምሩን ወደ ግንባር የሸኘ ሰው። በሁለት ነገር ይኮራል፤ በጆሮውና በሆዱ። ዝንብ ማይክራፎን ላይ ስታርፍ ይሰማል ይሉታል፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለም። ሆዱ ደግሞ የሰጡትን ምሥጢር ውጦ ዝም ነው። ጉድ የፈላውም እነዚህን ሁለቱን በማመኑ ነው።

የትናየትን ከልጅነቷ ያውቃታል፤ የአንድ ሰፈርና የአንድ እድር ሰዎች ናቸው። ሶፊያ ከተማ ተልካ ዘፈን ተምራ የመጣች ናት፤ ድምፅዋ ከቀጭኑም ከወፍራሙም ያልሆነ፣ ሜዞ ሶፕራኖ የሚሉት መሀለኛው ነው። በኦፔራ ይህ ድምፅ ሙሽራ አይሆንም። የተካደች ንግሥት፣ የተቆጣች ጠንቋይ፣ የሞተባት እናት ይሆናል። የሚሠሩበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት እነዚህን የቁጣና የሐዘን አሪያዎች በሸክላ አስቀርጾ ለወዳጅ አገሮች ስጦታ ሊልክ አስቧል፤ ሥልጣኔያችን ይታወቅ ተብሎ ነው። ሥራውን እንዲከታተሉ የተመደቡት ጓድ ሰይፉ ኦፔራ በሕይወታቸው ሰምተው ባያውቁም፣ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠው በየመሀሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ቀረጻው በሚጀመርበት ሰሞን የእድሩ ሰብሳቢ ባሻ ተሰማ ይርዳው ቤት መጡ። ቁጭ አሉ። ከዚያ የየትናየት ወንድም አምሳሉ ግንባር ላይ ማለፉን ነገሩት። አምሳሉና ታምሩ በአንድ መኪና ተጭነው የሄዱ፣ በአንድ ጦር ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው። ይርዳው ስለ ታምሩስ የሰሙት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። ባሻ ተሰማ ዱላቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ስለ ታምሩ ለጊዜው የሚነግሩት እንደሌላቸው መለሱለት። ይርዳው እፎይ አለ።

ያን ጊዜ ከግንባር የሞተ ሰው ከላይ ሳይነገር ማልቀስ አይቻልም ነበር። ድንኳን የጣለ ይጠየቃል፣ ሙሾ ያወረደች ትጠራለች። እድሩ አንዱን ሐዘን በሌላው ላይ እየደረበ ይዞ ይቆይ ነበር። በዚያ ላይ ልጅቷ መንግሥት ያዘዘውን ቀረጻ ጀምራ ብታቋርጥ መዘዙ ለቤተሰቧም ይተርፋል። ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ ይርዳው ፊቱንም አፉንም እንዲጠብቅ፣ እሷን እንዲንከባከብ፣ መርዶው በሚነገርበት ማለዳም አብሯቸው እንዲቆም አደራ አሉት። ይርዳው ማለላቸው። ከባድ አደራ ነው፤ ግን ደግሞ ምሥጢር ሲሰጡት ደስ ይለዋል፣ ለምን ይዋሻል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትናየትን እንደ እንቁላል ይዞ ከረመ። ነፋስ እንዳይመታት በሩን ይዘጋል፣ ስትደክም ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ያሳርፋታል። የሚገርመው እሷም በእሱ ላይ ልክ እንደዚያው ሆነች። ምሳ ከቤቷ ሠርታ ታመጣለታለች፣ ካልበላህ አልዘፍንም ትለዋለች፣ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ጎረቤቶቹም ደግ ሆኑ፤ አንዷ ጋቢውን አጠበችለት፣ ሌላዋ ማታ ማታ እሳቱን ታነድድለታለች። ቤት ሲገባ ወሬያቸው ድርቅ ይላል። ይርዳው ይህን ሁሉ በሥራ መጠመዱን ስላዩ ነው ብሎ ተረጎመው። ስለ የትናየት ደግነት ግን ሆዱ ይባባ ነበር። የራሷ ቤት ፈርሶ ሳታውቅ ለእኔ ታስባለች እያለ ከማሽኑ ኋላ እንባውን ይጠርግ ነበር።

ፒያኖውን የሚመቱት ማዳም አራክሲ ነበሩ፤ እዚሁ ተወልደው ያረጁ፣ ዘመዶቻቸውን ከአርመን አገር ስደት ጀምሮ ያለቀሱ ሴትዮ። የአሪያውን ሥርዓት ለይርዳው ያስረዱት እሳቸው ናቸው። አንድ አሪያ መጀመሪያ በተጻፈው መሠረት ይዘፈናል። ከዚያ መሀሉ ይመጣል። ከዚያ መጀመሪያው ተመልሶ ይደገማል፤ በመመለሻው ላይ ግን ዘፋኙ ነጻ ነው፣ ያልተጻፈውን፣ ከራሱ ሆድ የወጣውን ይጨምርበታል። የትናየት በመመለሻው ላይ የምትጨምረው ጌጥ ከሶፊያ የመጣ አልነበረም። ድምፅዋ ይወርድና ይሰበራል፣ ከተሰበረበትም ያዘግማል፣ የአልቃሽ ዜማ ነው። ጣልያንኛው ሸፍኖት ነው እንጂ ሰፈሩ ውስጥ የሰማች ሴት ሁሉ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ታነሣ ነበር።

ነገሩ የታወቀው ይርዳው የመጀመሪያውን የቴፕ ክር መልሶ ሲያዳምጥ ነው። አንዲት ንግሥት ከድል አድራጊው ንጉሥ ፊት ወድቃ ሬሳ የምትለምንበት አሪያ ነበር፤ ስጡኝና ላልቅስ ነው ቃሉ። መጀመሪያው ጥርት ብሎ ሄደ። መሀሉም ደህና ነበር። መመለሻው ላይ፣ የትናየት ስንኙን ጨርሳ በምታርፍበት ቦታ፣ ከአዳራሹ ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት። ድምፃቸው ጨርቅ አፋቸው ላይ የያዙ ይመስል የታፈነ ነው። ጮክ ብለው አያለቅሱም፣ እየዋጡ ነው የሚያለቅሱት። ይርዳው ቀና ብሎ ወንበሮቹን አየ። ባዶ ናቸው።

ክሩ ቀድሞ የተቀዳበት ይሆናል አለና ከመጠቅለያው ያልወጣ አዲስ ክር አስገባ። ሴቶቹ መጡ። ማሽኑን ለወጠ፣ ማይክራፎኑን ከወንበሮቹ አዞረ። እንደገና መጡ፣ እንዲያውም ተጠጉ። የሚመጡት ከመመለሻው ጋር ብቻ ነው። የመጨረሻው አሪያ ላይ ደግሞ ከሴቶቹ መሀል አንድ የወንድ ድምፅ ተነሣ። ቃል የለውም፤ ከሆድ ተፈንቅሎ የወጣ፣ እንደ በሬ ያለ ድምፅ ነው። ይርዳው ክሩን መልሶ አስጀመረ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ አለ በልቡ፤ ጆሮው ግን ሰፈሩን በሙሉ አሥሶ ሰውዬውን ሊያገኘው አልቻለም። ድምፅ ሲጠፋበት የመጀመሪያው ነበርና ከፍርሃቱ ይልቅ ይህ አናደደው።

የትናየት ለእረፍት ወጥታ ሳለ ክሩ ሲመለስ ጓድ ሰይፉም በድምፅ ማጉያው ሰሙ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ማሽኑ መጡና ዘፋኟ ምን እያለች እንደሆነ ማዳም አራክሲን ጠየቁ።

«ባሕሩን እየወቀሰች ነው» አሉ ማዳም አራክሲ ጣታቸውን ከፒያኖው ሳያነሡ። «መርከቧ ዘገየባት።»

«ከኋላ ያሉትስ?»

«እነሱም መርከብ ይጠብቃሉ።»

ጓድ ሰይፉ ማዳም አራክሲን ትኩር ብለው አዩአቸው። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞረው ጫጫታው ተጠርጎ እንዲወጣ፣ ሸክላው ንጹሕ ሆኖ እንዲያልቅ አዘዙ። ሲወጡ እርምጃቸው ከወትሮው ፈጠን ያለ ነበር።

ይርዳው ሥራውን ያውቃል። የእያንዳንዱን አሪያ መጀመሪያ፣ ያንን በተጻፈው መሠረት የተዘፈነውን ጥርት ያለውን ክፍል፣ በሌላ ክር ገለበጠ። ከዚያ መመለሻውን በምላጭ ቆርጦ አወጣና ግልባጩን በቦታው ቀጠለ። አሁን ዘፈኑ ተመልሶ ሲመጣ ያው የተጻፈው ይመጣል። ስብራቱ የለም፤ ተቀባዮቹም የሉም። የተቆረጠው ክር እግሩ ሥር ቅርጫት ውስጥ ተጠቅልሎ ወደቀ። የመጨረሻውንም፣ የወንዱ ድምፅ ያለበትን፣ ቆረጠው።

የትናየት ስታዳምጥ ወዲያው ነቃች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውርዳ ቆመች።

«ጋሽ ይርዳው፣ መመለሻውን ምን አደረግከው?»

«ለቅሶ ገባበት፤ ቆረጥኩት።»

«የማን ለቅሶ?»

«የሌላ ሰው ነው፣ ልጄ። አንቺን አይመለከትሽም።»

የትናየት ማዳመጫውን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ለሥራዋ ያዘነች መሰለውና ራሷን ዳበሳት፤ እሷም የዳበሳትን እጅ ይዛ ሳመችው። ማዳም አራክሲ የፒያኖውን ክዳን ዘጉ። ከበሩ ሲደርሱ ብቻ ዞር ብለው፣ አንዳንድ ዘፈን ተቀባዮቹን ቀድሞ ይጠራል አሉ፤ ለማን እንደተናገሩት አልታወቀም።

ጓድ ሰይፉ ንጹሑን ቅጂ አዳምጠው ፈረሙበት። በዚያው ቀን ባሻ ተሰማ መጡና ነገ ጎህ ሳይቀድ ለብሶ እንዲጠብቃቸው ለይርዳው ነገሩት። ይርዳው አብሯቸው ሄዶ እንደሚቆም ቃሉን አደሰላቸው። ባሻ ተሰማ ሽማግሌ ሆነው ሳሉ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ነኩት። ግራ ገባው፤ ስለ አደራው ያመሰግኑኛል ብሎ አለፈው።

በማግሥቱ በጨለማ ተነሣ። ያቺን የታጠበችለትን ጋቢ ለበሰ። ለየትናየት የሚያደርገውን ሲያሰላስል ቆየ፤ በቀኝ በኩል እቆማለሁ፣ ስትወድቅ እይዛታለሁ፣ ድምፅዋን እንዳታወጣ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋላታለሁ። ውጭ የብዙ ሰው ኮቴ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ከፈተ።

ሰፈሩ በሙሉ ግቢው ውስጥ ነበር። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። ከሴቶቹ ፊት የትናየት ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታ፣ የሐዘን አለባበስ ለብሳለች። ይርዳው ደሙ ፈላ። እኔን ሳይጠብቁ ነገሯት፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከምኩትን ያለ እኔ አወረዱባት ብሎ ባሻ ተሰማን በዓይኑ ፈለገ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። የትናየት ወደ እሱ መጣች። ልይዛት ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እሷም ልትይዘው ዘርግታ ነበር።

«እግዜር ያጥናህ፣ ጋሽ ይርዳው» አለችው።

«እኔን?» አለ። «አንቺን እንጂ።»

 የትናየት ከፊቱ ላይ የሆነ ነገር አነበበች፤ እሱም ከፊቷ። ባሻ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ልጆቹ አብረው እንደሄዱ አብረው አለፉ፣ ለእሱ የእሷን ለእሷ የእሱን የነገርነው ሁለታችሁ እርስ በርስ እንድትያያዙ ብለን ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ማለዳ ልናረዳችሁ አስበን ነበር አሉ። የሰማቸው ያለ አይመስልም። የትናየት የይርዳውን ጋቢ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ «አምሳሉ?» አለች፤ ዘፈን አልነበረም፣ ስም ብቻ ነው። ይርዳው ራሱን ዝቅ አድርጎ እጆቿን ያዛቸው።

ያኔ ሴቶቹ ተቀበሏት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ከግቢው እንዳይወጣ እየዋጡ፣ ታፍነው አለቀሱ። ይርዳው ክው ብሎ ቀረ። እያንዳንዷን ድምፅ ያውቀዋል፤ በየትኛው ስንኝ ላይ የትኛዋ እንደምትገባ፣ የትኛዋ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ያውቃል። ቀናትን ሙሉ በማዳመጫ ሰምቷቸዋል። አሁን የቀረው የወንድየው ነበረ። ከወንዶቹ መሀል ማን እንደሆነ ሊያይ ዞረ፤ ሁሉም አፋቸውን ዘግተው እሱን ያዩታል።

ድምፁ መጣ፤ ከሆድ ተፈንቅሎ፣ ቃል የሌለው፣ እንደ በሬ ያለ። ይርዳው ከራሱ አፍ ሲወጣ ሰማው።