በእናትሽ ጊዜ ግን

ምግብ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ከወጥ ሠሪዋ በላይ ስለ ወጡ የሚያውቅ አንድ ደንበኛ አያጣም። ለባለ ምግብ ቤቷ ለማያለን የደረሷት ክቡር ዳኛ ኤራሙን ናቸው። ዳኝነቱን ማን እንደሰጣቸው ባይታወቅም፣ ይግባኝ የለውም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በስፔን ባስክ አገር በኦንዳሮዋ ወደብ የጀልባ ሞተር ሲጠግኑ ኖረዋል። አሁን የሚጠግኑት ሰው የሠራውን ምግብ ነው። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛቸው ቱሪስት ተሳስቶ ከተቀመጠ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ለቅሶ ደራሽ ዝም ብለው አጠገቡ ይቆማሉ። እስካሁን የቻለው ቱሪስት የለም።

በጸደይ ለእሸቱ አተር ይመጣሉ። ቀምሰው፣ ጣራ ጣራውን አይተው፣ "ክፉ አይደለም። በእናትሽ ጊዜ ግን አተሩ ጥርስ አይፈልግም ነበር" ይላሉ። በመከር ደግሞ እንጉዳዩ በእናቷ ጊዜ ጫካ ጫካ ይሸት ነበር። አንዴ ዳቦውንም እንዲሁ አሉት፤ ዳቦው ግን ያኔም አሁንም የሚመጣው ከጎረቤት ዳቦ ቤት ነው።

ማያለን ጭልፋውን ከእናቷ ከጋርቢኜ ከተረከበች ሁለት ዓመቷ ነው። ከእኚህ ሰው አፍ አንዲት ደግ ቃል ብቻ ነው የተመኘችው፤ ወደቡ በሙሉ የሚሰማው እሳቸውን ነዋ። ዘንድሮ የቦኒቶ ዓሣ ወቅት ሲገባ ለራሷ ቃል ገባች። ዓሣው ሳያልቅ ማርሚታኮውን፣ ያንን የእናቷን የድንችና የቦኒቶ ወጥ፣ ካላመሰገኑላት ወጡን እርግፍ አድርጋ ትታ ዓሣውን ጠብሳ ልታቀርብ።

የማርሚታኮ ድንች አይከተፍም። ቢላው እስከ ግማሹ ይገባና ድንቹ ይሰበራል፤ መረቁን የሚያወፍረው ስብራቱ ነው። ኤራሙንም ከመቅመሳቸው በፊት ጆሯቸውን ወደ በሩ ጥለው "ቀጭ" ሲል ያዳምጣሉ፣ ድሮ ሞተር እንደሚያዳምጡት። አዳመጡ፣ በሉ፣ "ክፉ አይደለም" አሉ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሃል ማያለን ወለደች፤ ጭልፋውን ባሏ ኡናይ ያዘ። እሷ ከምግብ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል፣ መስኮቱን ከፍታ፣ እናቷ አጠገቧ ሆና ልጇን ስታጠባ፣ ከታች የኤራሙን ማንኪያ ሲቀመጥ ተሰማ።

"አንተ ልጅ፣ ድንቹን በምንድን ነው የቆረጥከው? በመቀስ?"

ኡናይ ሰው እንዳይጠብቅ ብሎ ቶሎ ቶሎ እንደከተፈው አስረዳ።

"ክፉ አይደለም" አሉ ኤራሙን። "በሚስትህ ጊዜ ግን ድንቹ ሲሰበር እዚህ ይሰማ ነበር። መረቁ ማንኪያ ያቆም ነበር።"

ማያለን እናቷን አየቻት። ጋርቢኜ ሕፃኑ እንዳይደነግጥ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

"እንኳን ደስ አለሽ" አለቻት። "እኔን 'በእናትሽ ጊዜ' ሲሉኝ ነው ያረጁት። የእኔን ጊዜ ያመሰገኑት ጭልፋውን ላንቺ ከሰጠሁ በኋላ ነው።"

ቦኒቶው ሳያልቅ ማያለን ወጥ ቤት ተመለሰች። ድንቹን ሆን ብላ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰበረችው። ኤራሙን አዳመጡ። በሉ። ሳህኑን በዳቦ ጠርገው አብለጨለጩት።

"ክፉ አይደለም" አሉ። "በእናትሽ ጊዜ ግን..."

"ልጨምርልዎት፣ ጋሼ ኤራሙን?"

ሳህኑን ቀድመው ዘርግተዋል።