በክብርት የጽሞና ሚኒስትር ላይ የቀረበ ክስ

የሰው ልጅ ጭንቀት ሁሉ፣ ልኩ ተመርጦ ከተሰጠው፣ በአንድ የሚያረጋጋ የድምፅ ቅጂ ይድናል ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የእኛ ቤት ነጻ ነው የሚል ካለ ስልኩን ይመልከት፤ ያልተከፈተ መልእክት ያገኛል። “ይሄን ስማው፤ ላንተ የሚሆን ነው” ይላል። ላኪው ደኅና መሆንህን አልጠየቀም። ደኅና እንዳልሆንክ አስቀድሞ ወስኗል።

በእኛ ቤተሰብ ይህን ሥልጣን የያዙት የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አልቻለም። “የጽሞና ሚኒስትር” ብሎ የሰየማቸው ወንድማቸው ነው፤ “ክብርት” የምትለዋን እኔ ጨመርኩባት። በሙያቸው ፋርማሲስት ናቸው፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ቆመው መድኃኒት ሲያድሉ የሚውሉ ሰው ከሥራ ሲወጡ እጃቸውን መሰብሰብ አይሆንላቸውም። “ከፍቶኛል” ያላቸው ሰው እስኪጨርስ አይጠብቁም። “የቱ ጋ ነው የያዘህ?” ይላሉ። ደረት ከሆነ አንድ ቅጂ፣ ጉሮሮ ከሆነ ሌላ፣ ሆድ ከሆነ ደግሞ፣ “እሱን ከምግብ በፊት ስማው።”

በምርጫቸው ግድየለሽ ናቸው ብዬ አልከስም። ከልክ በላይ ጥንቁቅ ናቸው። ለንዴት የወፍ ድምፅ ያለበትን ሜዲቴሽን፣ የጽሞና ቅጂ ማለት ነው፣ አይሰጡም፤ “የተናደደን ሰው ወፍ ይብስ ያናድደዋል” ባይ ናቸው። ለሐዘን ዋሽንት ክልክል ነው። እንቅልፍ ላጣ ሰው ድምፁ የሚያምር ተናጋሪ አይታዘዝለትም፤ ሲያዳምጥ ያድራላ። አንዱን ተናጋሪ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል ብለው፣ ሌላዋን የባንክ ወረፋ የምትጠራ ትመስላለች ብለው ከአገልግሎት አሰናብተዋል። ክሴ ሌላ ነው። ሕመሙን ይጠይቃሉ፣ ቅጂውን ይመረምራሉ፤ ታማሚው ማን እንደሆነና በዚያች ሰዓት ምን እያደረገ እንዳለ ግን አይጠይቁም።

አከራዩ ቤቱን እንዲለቅ ባዘዘው ቀን ለወንድማቸው የላኩለት ቅጂ “እውነተኛው ቤትህ በውስጥህ ነው” ብሎ ይጀምራል። ወንድምየው ፍራሹን እንደተሸከመ ደረጃ ላይ ቆሞ አዳመጠውና ደወለላቸው።

“እትዬ፣ ውስጤ ቁምሳጥኑን አይችልም።”

“እስከ መጨረሻው ሰማኸው?” አሉት።

ፀጉር አስተካካዬ ሰለባቸው የሆነው በእኔ በኩል ነው። ደንበኛ ሲበዛበት ልቡ እንደሚመታ ነገራቸው፤ አዘዙለት። ቀጥሎ በሄድኩበት ጊዜ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ፣ በጆሮው ከሰካው ማዳመጫ ሾልኮ የሚወጣ የሴት ድምፅ ሰማሁ። “እጆችህ እየከበዱ ነው፤ በጣም እየከበዱ ነው።” ምላጩም በእርግጥ ከበደ።

“ምንድን ነው የምትሰማው?” አልኩት፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ።

“የእትዬን ነው ጋሼ። እንዴት እንዳረጋጋኝ ቢያዩ።”

እያየሁ ነበር። ሰው ሊያርድ ተቃርቦ እንዲህ የተረጋጋ ሰው በዘመኔ አልገጠመኝም።

እስከዚህ የዘረዘርኩት ተስቆ ሊታለፍ ይችላል። ቀጥሎ ያለው አይታለፍም።

ባለቤቴን ራስ ምታት አላስቀምጣት ሲል ሐኪሟ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ጠረጠረና ኤም አር አይ እንድትነሣ አዘዘ። እሷ ደግሞ ጠባብ ቦታ አትችልም፤ ከአሳንሰር ይልቅ ደረጃ የምትመርጥ ሴት ናት። ያን ዋሻ የመሰለ፣ እንደ መዶሻ የሚደበድብ ማሽን ገና እንደገባችበት፣ እጇ ላይ የተሰጣትን ደወል ጨምቃ ወጣች። “ጥርት ያለ ሥዕል ካላየሁ ቢላ አላነሣም” አለን ሐኪሙ። “ብዙ መጠበቅም አንችልም።”

ለሁለተኛው ቀጠሮ ክብርትነታቸው ቅጂ ይዘው ቀረቡ። የባሕር ሞገድ ነበር። ባለቤቴ ዋና አትችልም፤ ይህንንም እሳቸው ከእኔ በፊት ያውቁታል። ዋሻው ውስጥ ውኃ የሚሞላ መሰላትና እየጮኸች ወጣች።

“ለፍርሃት የሚሰጠው እኮ እሱ ነው” አሉ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

በማግስቱ “ከእንግዲህ አንድም ቅጂ እንዳትሰጫት” ልላቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ዐቃቤ ሕግ ነኝ፤ ሳልዘጋጅ አልናደድም። ዐረፍተ ነገሮቹን መንገድ ላይ አንድ በአንድ አሰናድቼ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ባላቸው በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ጭልፋ ይዘዋል።

“ግባ፤ ከአልጋ ሥር ናት” አሉኝ።

መኝታ ቤት ስገባ ከአልጋው ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። ባልየው አጠገባቸው ተንበርክከው፣ በታላቅ ቁም ነገር፣ ባልዲውን በጭልፋ መደብደባቸውን ቀጠሉ።

“ጠንከር አድርገው እንጂ፤ ማሽኑ እንዲህ አያባብልም” አለ ከሥር የመጣው ድምፅ። አንዱ ቅጂ ሲያልቅ፣ “ይሄም ውድቅ። በረጅሙ ተንፍሺ ይላል። በረጅሙ ከተነፈሰች ጭንቅላቷ ይነቃነቃል፤ ሥዕሉ ይበላሻል።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳቸው ባልየውን።

“ተወኝ እባክህ፤ ክንዴ ሊገነጠል ነው።”

ጎንበስ አልኩ። አፍንጫቸው ከአልጋው እንጨት ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም፤ ግንባራቸው በአቧራ ተለውሷል። “እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

“አንተ ነህ? ሳልሞክረው ሰጠኋት። አሁን እየሞከርኩ ነው። ዝም በል፤ ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም።”

ያዘጋጀሁትን ንግግር እንደያዝኩ ተመለስኩ።

የመጨረሻ ምርጫቸው ሙዚቃም ሞገድም የለበትም። አንድ ድምፀ ደረቅ ሰው፣ አድማጩ በሚያውቀው ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ይመራዋል፤ መብራቱን አብራ፣ መስኮቱን ክፈት፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልስ። የማሽኑ ባለሙያ ለዚያው በተሠራ ማዳመጫ ሊያሰማት ተስማማ። በሦስተኛው ቀጠሮ ባለቤቴ ገባች። እኛ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን።

ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ መደብደብ ጀመረ። ክብርትነታቸው የራሳቸውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ፣ ይነቅላሉ፣ ሌላ ቅጂ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

“የቱ ጋ ነው የያዘሽ?” አልኳቸው። ጥያቄው ክፋት ነበረበት።

“ሁሉም ጋ።”

“ለሁሉም ጋ የሚሆን የለሽም?”

“ሁሉንም ሞከርኩ። ሁሉም ተረጋጊ ነው የሚሉኝ፤ ተረጋጊ ሲሉኝ ይብስብኛል።” ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። “እስቲ ክሰሰኝ።”

“ምን?”

“እንደ ሁልጊዜህ። በዚያ ቀዝቃዛ ድምፅህ፣ ሳትቸኩል። አንተ ስትከሰኝ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ።”

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። “አንደኛ፣ ወንድምሽ ፍራሽ ተሸክሞ ደረጃ ላይ ሳለ፣ ቤት በውስጡ እንዳለው የሚያበሥር ቅጂ ልከሽለታል።”

“አምናለሁ።”

“ሁለተኛ፣ ምላጭ የጨበጠ ሰው እጁ እንዲከብድ አድርገሻል።”

“አላምንም። ቤቱ ሆኖ እንዲሰማው ነው ያልኩት።”

“ተከሳሿ ተራዋን ትጠብቅ።”

“እሺ፣ ቀጥል።”

ትከሻቸው ወረደ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛው ክስ የባሕሩ ነበር። እሱን ስጀምር ድብደባው በድንገት ቆመ። ደወሉን ጨምቃው ይሆን? የክፍሉን በር አየሁት፤ አልተከፈተም። የሚሮጥ ሰውም አልተሰማም።

“አታቁም” አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

አላቆምኩም። ድምፄ ግን ቀዝቃዛ አልነበረም፤ በማስረጃነት ቢቀርብብኝ አልክድም። ድብደባው በሌላ ምት ተመለሰ። በአምስተኛው ክስ ላይ ሳለን ባለሙያው በሩን ከፈተ።

“ጨርሳለች” አለ። “ንቅንቅ አላለችም።”

ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ያሳየው ነገር ግን መልካም አልነበረም። ነገ ባለቤቴ ቀዶ ጥገና ክፍል ትገባለች። ለእሷ የሚሆን ቅጂ ከአልጋ ሥር ተፈትኖ ተዘጋጅቷል። በሩ ላይ እንዲጠብቅ የሚፈቀደው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ክብርትነታቸው ከእኔ ርቀው፣ ከግቢው ውጪ ይቀመጣሉ። ለራሳቸው የሚሆን ግን እስከ አሁን አላገኙም።

ይህን ክስ የጻፍኩት ለዚህ ነው። እዚህ ድረስ ያለውን ጮክ ብዬ አንብቤ፣ በስልኬ ቀድቼ ላክሁላቸው። መልሳቸው ወዲያው መጣ፤ “ፀጉር አስተካካዩ ጋ ቸኩለሃል፤ ረጋ ብለህ ድገመው።”

እየደገምኩት ነው።