ትንፋሽ ተይዞ የሚሰማ ታሪክ

ያን ቀን ከማለዳው ጀምሮ ያካፋ ነበር። የወለወልኩት የሆስፒታል ኮሪደር በተራ ጠባቂው ጭቃ ጫማ ወዲያው ይዥጎረጎራል፤ እኔም እንደገና እወለውላለሁ። ዝናብ እስኪያባራ መጠበቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ።

እንደ ዝናቡ የማያባራ ሰው ደግሞ አለ፤ ማታ የሰማውን ጠዋት የሚያስተምር። በየቤቱ አንድ አይጠፋም። አንዳንዱ ዘንድ አማች ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዱ ዘንድ ጎረቤት። እኛ ሆስፒታል የደረሰን የራጅ ባለሙያው ነው፤ በማዕረግ ስማቸው ክቡር ፕሮፌሰር። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እንደ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ማዕረግ አይሰጥም የሚል ሕግ እስካሁን አላየሁም። ዕድሜያቸው ለልጄ ቢሆንም ለማዕረጉ ስል አንቱ እላቸዋለሁ።

ፕሮፌሰሩ ሁልጊዜ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ ፖድካስት የሚሉትን የስልክ ትረካ እየሰሙ ነው የሚመጡት። ፖድካስቱ ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ነው። እስቲ ፍረዱኝ፤ ፎቶ በጆሮ። አንዱንም አላዩትም፣ የማያውቁት ግን የለም።

"ፎቶውን አይተውታል?" ብዬ ብጠይቃቸው፣

"ማየት ያሳስታል፣ እትዬ" አሉኝ።

ራጅ የሚነሳ ሰው ደግሞ ማምለጫ የለውም። ደረቱን ብረቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ፕሮፌሰሩ "ትንፋሽዎን ይሳቡ፤ ይያዙ" ይላሉ። ከዚያ ቁልፉን ሊጫኑ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል።

"ድሮ እኮ ጋሼ፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው እንዳይነቃነቅ ማጅራቱን ከኋላ በብረት ይደግፉት ነበር። አንዴ መንገድ ሙሉ ሰውና ጋሪ እያለ ፎቶ ቢነሳ፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፋና ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርገው ሰውዬ ብቻ ቀረ። አይገርምም?"

ጋሼ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ናቸው። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

"ልሙትልህ?" አሉ በመጨረሻ።

"ተነፈሱ" አሉ ፕሮፌሰሩ እያዘኑ። "በሉ እንደገና ይሳቡ።"

አንድ ቀን ለምሳ የያዝኩትን የተቀቀለ እንቁላል አዩብኝ።

"ድሮ የፎቶ ወረቀት የሚቀባው በእንቁላል ነጭ ነበር። ከዚህ አንድ የሰው ፊት ይወጣው ነበር፣ እትዬ።"

"የእኔም ፊት የሚወጣው ይህንን ስበላ ነው" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ግን እንቁላል ስልጥ የሰው ዘመድ የምበላ ይመስለኛል።

ኋላማ የራሳቸውን ፖድካስት ጀመሩ። የራጅ ክፍሉ በር ጨረር እንዳያስወጣ ስለተለበጠ ድምፅም አያስገባም፤ በምሳ ሰዓት ዘግተው ይቀዳሉ። አድማጮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ እሳቸው ናቸው። ሌላዋን ተዉአት።

ያን ዝናባማ ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ሳል ይዞኝ አልለቅ ብሏል። እናቴን የወሰዳት እንዲህ ያለ ሳል ስለነበረ፣ ዶክተሯ ራጅ ስታዝልኝ መወልወያዬን በሩ ላይ ጥዬ ወደ ራጅ ክፍሉ ገባሁ። ብረቱ ላይ ቆምኩ፤ ትንፋሼን ሳብኩ፤ መቼም የመቶ ዓመት ታሪክ ሊወርድብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ፕሮፌሰሩ ምንም አላሉም። ቁልፉን ተጫኑ፣ ወደ ስክሪኑ ዞሩ፣ እዚያው ደርቀው ቀሩ። ጥርሳቸውን እያመማቸው እንኳ ያስተማሩ ሰውዬ ዝም አሉ።

"ምን ታየ?" አልኩ።

ዝም።

"ያ ጫማውን የሚያስጠርገው ሰውዬ... መጨረሻው ምን ሆነ?"

ዝም። በእጃቸው ብቻ ጠቅሰው ዶክተሯን ከጎረቤት ክፍል ጠሩ። እኔ በልቤ ልጆቼን ለእህቶቼ ማከፋፈል ጀምሬያለሁ።

"ልጄ፣ ተናገር እንጂ" አልኩት። ማዕረጉ ጠፋኝ።

ዶክተሯ ገብታ ስክሪኑን አየች።

"ሳንባዎ ንጹሕ ነው፣ እማማ። የሚያስልዎ በረኪናው ነው የሚመስለኝ፤ ሲወለውሉ መስኮት ይክፈቱ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ" ብላኝ ወጣች።

"ታዲያ አንተን ምን ለጎመህ?"

"እትዬ፣ እንዲህ ጥርት ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም" አለኝ ከስክሪኑ ሳይዞር። "ቅንጣት አልተነቃነቁም፤ ዶክተሯንም የጠራኋት ይህንን እንድታይ ነው። ብርሃኑ ጎድንዎ ላይ እንዴት እንዳረፈ ይዩትማ። ትንሽ ዝም ልበልለት ብዬ ነው።"

በመወልወያው ልመታው አሰብኩ፤ ውጭ ትቼዋለሁ። ሳቄ መጣ፣ ሳሉም ተከተለው። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና "በል፣ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ፤ ዝም ያልከው ይበቃሃል" አልኩት።

ፕሮፌሰሩ አሁንም እዚያው ራጅ ክፍል ይሠራሉ። ሕመምተኛው ስለተማረረ ወደ መድኃኒት መጋዘን ሊያዛውሯቸው ነበር፤ ከጽዳት ሠራተኞች አንዷ ኃላፊውን አነጋግራ ዝውውሩ ቀረ።