ለዋጋው የማይከፋ ሰው

ትናንት በሕልሜ ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ገባሁ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት የጌም ማጫወቻዎቹ ነበሩ፤ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር የታሰርነው እኛ ሰዎቹ ነን።

ሥራዬ ነው እንዲህ የሚያስቃዠኝ። የምሠራው ርካሽ የጌም ማጫወቻ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው። የድርጅቱን ብሎግ ዲዛይን አድርጌ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ልሳነወርቅ አስገብቻለሁ፤ እሳቸው ካልፈረሙበት ኮንትራቴ አይታደስም። እሳቸው ደግሞ ብሎግ ብለው የሚያውቁት ከላይ የራሳቸው ፎቶ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ያለበትን ብቻ ነው። እኔ በድፍረት ፎቶውን አስወግጄ በቦታው የሚንቀሳቀስ የጌም ሥዕል አስገብቻለሁ።

በሕልሜ የደረስኩት ለአንድ ግራጫ የፕላስቲክ ማጫወቻ ነበር። አፍንጫዬን ሲጫን እዘላለሁ፣ እምብርቴን ሲጫን እተኩሳለሁ። በምን እንደምተኩስ አልጠየቅሁም።

«እንዴት ነው ይሄ ሰው?» አለው ከጎኑ የተቀመጠው ማጫወቻ።

«ለዋጋው አይከፋም። ትንሽ ሲጫወቱበት ይግላል እንጂ።»

«ሐሳብስ አለው?»

«ካርቶኑ ላይ አራት መቶ ሐሳብ ይላል። ከፍቼ ሳየው አንድ ሐሳብ ነው፣ ቀለሙን እየቀየረ የሚመጣው።»

በጣም ተናደድኩ። እነሱን የማማው እኔ ነኛ! አራት መቶ ጌም አለው ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ውስጡ ያው አንድ መኪና ነው።

ገመዴን ነቅዬ ስሮጥ ቢሮዬ ተገኘሁ። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። ከፊት አቶ ልሳነወርቅ ፋይል አቅፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የግዢ ኮሚቴው በሙሉ፣ እያንዳንዱ የስብሰባ ወንበሩን ተሸክሞ።

«ጌታዬ፣ ዲዛይንዎን እንዳጸድቅ ይፍቀዱልኝ» አሉኝ አቶ ልሳነወርቅ። «ጌም ሊያይ የመጣ ሰው የኔን ክራባት ለምን ያያል?»

«ነገ ይመለሱ። ኃላፊው የለም።»

«ኃላፊው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ግን የለሁም።»

እንዲህ ማለት ይህን ያህል ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። በኋላ ግን አንጀቴን በሉት። «ይሁን፣ ይፈርሙ» አልኳቸው። ኮሚቴው እልል አለ። አቶ ልሳነወርቅ ብዕራቸውን አውጥተው ጎንበስ ሲሉ ስልኬ ጮኸና ነቃሁ።

የደወሉት ጸሐፊያቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው።

«ያፌት፣ አልተነሳህም እንዴ? እንኳን ደስ ያለህ! ዲዛይንህን አይተው ወደውታል።»

ከአልጋዬ ዘለልኩ። «ፎቷቸው ባይኖርበትም?»

«ባይኖርበትም። ሊፈርሙልህ ነው። ብቻ ብሎጉን አትመህ በሦስት ኮፒ አምጣ፣ ማኅተም ይረፍበት።»

«እትዬ እልፍነሽ፣ ብሎግ እኮ ወረቀት አይደለም።»

«ነግሬያቸዋለሁ፣ ገብቷቸዋል። ያ ከላይ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ግን፣ በሦስቱም ኮፒ ላይ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ አልፈርምም ብለዋል።»