ሊቀ ዲሽ ማለደ

እሁድ ቀትር ላይ አዘዞ ታክሲ ተራ ዲሽ ሠሪውን ማለደን አገኘሁት። ዲሹን እንደ ጋሻ አንግቧል። ሹፌሩ «ጣሪያ ላይ ልሰረው» ቢለው «ፎካሉ ይዛባል!» ብሎ አሻፈረኝ አለ።

በየከተማው፣ አንድን ነገር በቀላል አማርኛ ከማስረዳት ከጣሪያ መውደቅ የሚቀለው ሰው አይጠፋም። የጎንደሩ ይኸው ነው፤ እኔ ሊቀ ዲሽ እለዋለሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ማናዬ ቴሌቪዥኗ ሲንቀጠቀጥባት «ምን ሆኖ ነው?» ብትለው «ፖላራይዜሽኑ ነው» አላት። «ይተርፋል?» አለች ደረቷን ይዛ። አንዱን ደግሞ «ሲምቦል ሬትህ ከፍ ብሏል» ቢለው፣ ሰውየው የደም ግፊት መስሎት ሳምንቱን ሙሉ ጨው ተወ።

ያን ቀን ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበረኝም። አጎቴ አያ ውዱ፣ ልጃቸው ብሌን በዘጠኝ ሰዓት ስለ ድንች በሽታ በቴሌቪዥን ትናገራለች ሲባል ሰምተው ከአዲ አርቃይ ድረስ መጥተዋል። የእኔ ቴሌቪዥን ደግሞ የሰሞኑ ነፋስ ዲሹን ካዞረው ወዲህ «ሲግናል የለም» ከማለት በቀር ሌላ ወሬ የለውም። ማለደን ጎትቼ ወሰድኩት።

እሱ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ደጃፍ ላይ፣ አያ ውዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰለፍን።

«አሁንስ?» ይላል ከላይ።

«አሁንስ?» እላለሁ ወደ ውስጥ።

«ኃይል ሰማንያ፣ ጥራት ዜሮ!» ይላሉ አያ ውዱ።

«ኤልኤንቢው ስኪው ይፈልጋል!» ይላል ማለደ።

«ምነው፣ ምን አለ?»

«እኔ እንጃ፣ አያ።»

«የእኔም በሬ እንዲያው ነው፤ ጉልበት አለው፣ ፈር አያውቅም።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፅ መጣ፤ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ማለደ ወርዶ ሪሲቨሩን እንደ ሐኪም ዳሰሰው። «ጣቢያው ወደ ኤምፔግ ፎር ዞሯል፤ የእናንተው ኤምፔግ ቱ ነው። ኮዴኩን አይፈታውም።»

«በአማርኛ ንገረን፣ አባቴ» አሉት አያ ውዱ።

አሰበ፣ አሰበና፣ «ኮዴኩን... አይፈታውም» አለ።

«እንግዲያ ልጄን ልሰማት እንጂ ላያት አይደለም?»

ማለደ ብድግ አለ። ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ። ጥሎን ጠፋ ብዬ ስራገም፣ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲል ሌላ ሪሲቨር በፌስታል ይዞ እያለከለከ መጣ። ሰካ፣ ነካካ፣ ብሌን የጠቆረ ድንች ይዛ ብቅ አለች።

«ከስታለች» አሉ አያ ውዱ። እስክትጨርስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ማለደም ከአጠገባቸው ቁጭ ብሎ አብሯቸው ተመለከተ። በመጨረሻ ቀሪው ክፍል ማታ ይቀጥላል ተባለ። አያ ውዱ ወደ ማለደ ዞር ቢሉ፣ «ሪሲቨሩ ይደር» አለ።

ስሸኘው ፌስታሉን ልሰጠው ስገልጠው ከውስጡ የቤት ዳንቴል ወጣ፤ የሪሲቨር ልብስ። ለካስ ከራሱ ሳሎን ነቅሎ ነው የመጣው!

«ሰውዬ፣ ሚስትህ የእሁድ ድራማዋን በምን ልታይ ነው? ምንስ ልትላት ነው?»

ዳንቴሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ትራንስፖንደሩ ጥገና ላይ ነው እላታለሁ።»